የትልቁ ዋዛ ዝምታ

ጭራው ሦስት ቋጠሮ ነበረው።

ምንውየለት ጭራውን ከማሲንቆው መምቻ ላይ ፈትቶ ለጨው ነጋዴው ዘረጋለት። የአሶሳ ገበያ ገና መሙላቱ ነው። ፀሐይ ከቀርከሃው አጥር በላይ ወጥታለች፤ ከወዲያ ማዶ የወርቅ አሸዋ በላባ አገዳ ከትተው የሚሸጡ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«አርጅቷል» አለ ምንውየለት። «ከደጋ ደህና የፈረስ ጭራ ብታመጣልኝ።»

«የቱን ያህል የሚረዝም?»

«ይህንኑ የሚያህል።»

ነጋዴው ገሠሠ ጭራውን ተቀበለ። አላየውም። በአውራ ጣቱ ብቻ ዳበሰው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ሦስት ቀን።

በሦስተኛው ቀን ዋዛ ይወጣል። ዋዛ ከወጣ ዝሆኑ ይመጣል።

ዝሆን ያሉት ሼኽ ጀዕፈርን ነው። ሰውና ጠመንጃ በድንበሩ ላይ የሚያሻግር፣ ሁለት ሌሊት አንድ ቤት የማያድር ሰው ነበር። የደጋው ጦር አዛዥ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈልጎ አጥቶታል። ገሠሠ «አሞሌ» ይባላል፤ ምንውየለት «ጭራ»። ስሞቹን ያወጣው የአዛዡ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው እስከዚያ ጊዜ ከዓባይ ወዲህ ወርዶ አያውቅም፤ ስም ማውጣት ግን እግር አያደክምም።

ገሠሠ ጭራውን ወደ ኮሮጆው ሲሰድ አንድ እጅ ከላይ መጣና ነጠቀው።

ማህጁብ።

የሼኹ ጠባቂዎች አለቃ ነበር። ጭራውን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማሲንቆ ጭራ ነው፣ ጌታው» አለ ምንውየለት።

«ቋጠሮ ለምን አለው?»

ገሠሠ ጨዉን መደርደር ጀመረ። ወዳጅ ሲቸገር ወዳጁ እንዲህ ነው።

«ሲበጠስ እቋጥረዋለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ተበጠሰ?»

«ብዙ አስለቅሼዋለሁ።»

ማህጁብ አልሳቀም። ጭራውን መልሶ ወረወረለት። «እሰረው። በሱ ተጫወት። ውሸት ከሆነ እኔ ይሰማል።»

በቋጠሮ ጭራ ማሲንቆ አይመታም። ቋጠሮው ክሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ይንቋቋል። ምንውየለት ጭራውን መምቻው ላይ አሰረ። በአንደኛውና በሁለተኛው ቋጠሮ መካከል ያለችው ንጹሕ ጭራ ከአንድ ስንዝር አትበልጥም። ያችው ናት ያለችው።

ትዝታን ጀመረ።

ሌላ ጊዜ አንዱን ድምፅ በረጅሙ ስቦ፣ አንቀጥቅጦ፣ አዙሮ ነበር የሚመልሰው። አሁን የሚስብበት የለም። ትንሽ ነካ አድርጎ ይተወዋል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይነካዋል። ዝምታው ከዜማው በለጠ። ጣቶቹ በፍርሃት ይንቀጠቀጡ ስለነበር ድምፁም አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ደግሞ አማረ። ወርቅ ሻጮቹ ወሬ አቆሙ።

ሲጨርስ ማህጁብ ወደ መሬት እያየ ነበር።

«የማን ነው ዘፈኑ?»

«የእናቴ።»

ይህ ውሸት ነበር። ማህጁብ ግን አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ገሠሠ ጭራውን ከመምቻው ላይ ራሱ ፈትቶ ከተተ።

* * *

በአማርኛ ዋዛ ማለት ቀልድ ነው። በዚያ አገር ግን በዋዛ አይቀለድም። ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ ትልቁ ቁመቱ ሰው ያህላል። ዐሥራ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን ዜማ አያወጣም። የመጀመሪያው ድምፁን ያስቀምጣል፣ ሁለተኛው ተቀብሎ የራሱን ያስቀምጣል፣ እንዲህ እያለ ዜማው በዐሥራ አንድ አፍ ያልፋል። ከዘር ጊዜ እስከ ማሽላ አጨዳ ዋዛዎቹ ታስረው ጎተራ ውስጥ ይቀመጣሉ። ያለጊዜው የነፋቸው ሰው እህሉን አበላሸ ይባላል። ስለዚህ ክረምቱን ሁሉ የሚለማመዱት በአፋቸው ነው።

የነፊዎቹ አለቃ ሽማግሌው ኻሚስ ነበር። በጉልምስናው ወርቅ ይዞ ወደ ጎጃም ገበያ ሲመላለስ አማርኛ ለምዷል። ከስምንት ወር በፊት የምንውየለትን ማሲንቆ ገበያ ላይ ሰምቶ እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደው። ትልቁን ዋዛ ሰጠው። የዋዛው ባለቤት ወርቅ ሊያጥብ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር።

በአንድ ክር አርባ ዓይነት ልቅሶ ለሚያለቅስ ሰው አንድ ድምፅ መስጠት ስድብ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንውየለት እንደዚያ ነበር የመሰለው።

«ሁ» ይላል።

«አይደለም» ይላል ኻሚስ።

«ሁ።»

«አይደለም። አንተ ድምፅ ይጥላል። እንደ ድንጋይ ይጥላል። አይጣል፤ ያስቀምጥ።»

«ያው አንድ ድምፅ እኮ ነው፣ አባ ኻሚስ።»

«አንድ ነው። ሰርግ ላይ አንድ ነው፣ ቀብር ላይ አንድ ነው። ትንፋሽ ግን አንድ አይደለም። ሰርግ ላይ ትንሽ ይቸኩላል። ሐዘን ላይ ትንሽ ይቆያል።»

«ምን ያህል ይቆያል?»

«እሱን ሰው አይነግርህም። ከፊትህ ያለው ነፊ ጁምዓ ነው። ጁምዓ ምን አለ? ሰምቷል አንተ? እሱን ስማ፣ ከዛ ያውቃል።»

በመስከረም አንድ ቀን ገባው። ጁምዓ ድምፁን ሲተው ምንውየለት አልተቀበለውም፤ አንዲት ቅጽበት ጠበቀና ከዚያ አስቀመጠ። ዐሥሩም ዞረው አዩት። ጁምዓ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ኻሚስ መዳፉን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈ፤ የኻሚስ ሚስት ብኸይታ የባሚያ ወጥና የማሽላ ገንፎ ጨምራ አቀረበች። ምንውየለት ያን ቀን ለምን እንደመጣ ረሳው። ለሰላይ ከዚህ የከፋ ቀን የለም።

ምልክቱን ያወጣው ግን ራሱ ነው። ዋዛ በሚወጣበት ቀን አንድ ሰሚ ኮረብታው ላይ ይቀመጣል። ሼኹ ካልመጣ ምንውየለት እንደ ወትሮው ይነፋል። ሼኹ ካለ ዋዛውን አፉ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ትልቁ ዋዛ ሩቅ ይሰማል፤ ሲጎድልም ሩቅ ይሰማል። አዛዡንም ቃል አስገብቶታል።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የምንይዘው» ብሏል አዛዡ። «ከነፊዎቹ የአንዱ ጥፍር አይነካም።»

ምንውየለት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተምሎለታል።

* * *

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሼኽ ጀዕፈር ገባ። ማህጁብ የሰፈሩን በር ዘጋ። ነጋዴ አይገባም፣ እንግዳ አይገባም።

መርዶ ነጋሪ ግን አይከለከልም። ገሠሠ ይህን ያውቃል። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንውየለት፣ ታላቅ ወንድምህ አረፈ።»

ልቅሶው ግሩም ነበር። ነጋዴ ባይሆን አልቃሽ ሆኖ ይኖርበት ነበር። ግቢው ሁሉ ወጣ። ገሠሠ አቅፎት በጆሮው ሹክ አለው።

«ውሸት ነው። ደህና ነው። አልቅስ።»

ምንውየለት አለቀሰ። ኻሚስ ትከሻውን ያዘው፤ ብኸይታ ውሃ አመጣች። ከዚያ ሐዘንተኛውን ከአገሩ ሰው ጋር ብቻቸውን ትተዋቸው ፈቀቅ አሉ።

«ዝሆኑ ገብቷል?» አለ ገሠሠ እየተንሰቀሰቀ።

«ገብቷል።»

«ምልክቱን እንደሰጠህ በቀርከሃው በኩል ውጣ። ብቻህን።»

«ለምን ብቻዬን?»

«ብቻህን አልኩህ።»

የገሠሠ በቅሎ ከበሩ ውጭ ቆማለች። የጭነቱ ሌጦ በአንድ በኩል ተንሸራቷል። ምንውየለት አየ። ከላይ ጨው ነው። ከሥር ግን ባላ እንጨት ነው፤ የሰው አንገት ገብቶበት ጫፉ የሚታሰር ባላ። በቅሎዋ ሙሉ።

ለአንድ ሰው አንድ ባላ ይበቃል።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

ገሠሠ እንባውን ጠረገ።

«ገሠሠ።»

«ኮረብታው ላይ ያሉት የሙርሳል ሰዎች ናቸው።»

ሙርሳል የጀዕፈር ባላንጣ ነው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሰው ፈንጋይ ናቸው።

«ያለሱ መንገድ ማን ያሳየናል?» አለ ገሠሠ። «ጀዕፈርን ለአዛዡ ያስረክባል። የተረፈው የሱ ነው።»

«የተረፈው ምን?»

«ሰዉ።»

«አዛዡ ያውቃል?»

«አልጠየቀኝም። አልነገርኩትም።»

«ዝሆኑ ባይመጣስ?»

«ካልመጣ ማንም አይወርድም። ዛሬ ያለ እሱ ሰፈሩን ከነኩ ዳግመኛ አይገኝም። መጥቷል እኮ፤ እነሱ ግን ከዋዛው በቀር የኔን ቃል አያምኑም። አልቅስ፣ ማህጁብ እያየን ነው።»

ገሠሠ በቅሎዋን ይዞ ሄደ። ምንውየለት ጎተራው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ። ሐሳቡ ጥርት ብሎ መጣለት። መሮጥ አያስፈልግም። መግደል አያስፈልግም። ስምንት ወር የተማረውን ማድረግ ብቻ ነው።

እነፋለሁ፣ አለ በልቡ። ዝሆኑ የለም ይበሉ። ይመለሱ።

* * *

ዋዛዎቹ ከጎተራ ወጡ። ከነአቧራቸው ተፈቱ፣ ውሃ ጠጡ። ሼኽ ጀዕፈር ዳሱ ሥር ተቀመጠ፤ ጠመንጃ የያዙት ከኋላው ቆሙ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ከበቡ። ነፊዎቹ ተሰለፉ። ምንውየለት ትልቁን ዋዛ ለማንሳት እጁን ዘረጋ።

ኻሚስ ቀደመው።

ዋዛውን አንስቶ ምንውየለት እግር ሥር አስተኛው። አፉን ወደ መሬት ደፋው።

«ዛሬ አንተ አይነፋም።»

ምንውየለት አልገባውም። ዞር ብሎ ሲያይ ነፊዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ወንድም የሞተበት ሰው ትንፋሹ የሱ አይደለም» አለ ኻሚስ። «የሟቹ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያደርጋል። ቦታህን ባዶ እንይዝልሃለን። ከኛ ዘር አይደለህም አንተ፤ ግን ከኛ ነህ።»

«እነፋለሁ፣ አባ ኻሚስ።»

«አይነፋም።»

«ወንድሜ አልሞተም።»

ኻሚስ ጉንጩን ዳበሰው። «እኔም ልጄን እንዲህ አልኩ። ሰባት ቀን አልሞተም አልኩ።»

«ሰውዬው ዋሽቶ ነው። ይስሙኝ። ውሸት ነው።»

«መርዶ ነጋሪ ሁሉ ውሸታም ነው፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። ሁላችንም እንዲህ አልን።»

«እሺ ሌላ ሰው ይንፋው። ጁምዓ ይንፋልኝ።»

«ሌላ ሰው ከነፋ ባዶ አይደለም።»

የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰላይ ነኝ፤ ኮረብታው ላይ ወራሪ አለ። ማህጁብ ሰባት እርምጃ ርቆ ጎራዴው ላይ እጁን ጥሎ ቆሟል። ምንውየለት አፉን ከፈተ።

ምንም አልወጣም።

ፈራ። ሌላ ስም የለውም። ፈራ።

የመጀመሪያው ዋዛ ተነፋ።

ድምፁ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ቀስ ብለው ነበር የሚነፉት። አጨዳ ነው፣ የደስታ ዜማ ነው፤ እነሱ ግን ለሱ ሲሉ አዘገዩት። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ሰባተኛው። ጁምዓ ድምፁን አስቀምጦ ተወው። የትልቁ ዋዛ ተራ ደረሰ።

ዐሥሩም ጠበቁ።

አንድ ሙሉ ትንፋሽ ያህል። ሕዝቡ ሁሉ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጣዩ ዋዛ ተቀበለ፣ ዜማው ሄደ። ምንውየለት በታላላቅ ሰዎች ግብር ላይ ተጫውቷል፤ ሰርግም ተዝካርም አዳርሷል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዓለም ሁሉ ያለቀሰለት ያህል ተሰማው፤ የሚያለቅሱትም ላልሞተ ሰው ነበር።

ኮረብታውም እየሰማ ነው።

በሁለተኛው ዙር ተራው ሲደርስ ምንውየለት በአፉ አወጣው። «ሁ።» ጁምዓን ሰምቶ፣ አንዲት ቅጽበት ጠብቆ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ አድርጎት አያውቅም። ኻሚስ ከዋዛው ጀርባ ሆኖ አንገቱን ነቀነቀ። ጁምዓ እንባው ወረደ።

የሰው ድምፅ ከአጥሩ አያልፍም።

በሦስተኛው ዙር ፍርሃቱ ለቀቀው። እንዴት እንደለቀቀው አያውቅም። ሰልፉን ጥሶ ወደ ማህጁብ ሮጠ።

«ማህጁብ፣ ኮረብታው ላይ—»

የመጀመሪያው ጥይት ማህጁብን መታው።

* * *

ሼኽ ጀዕፈር በሕይወት ተያዘ። ባምባሲ ላይ ከሰፈረው የደጋው ጦር ዘንድ ሲደርስ እምቢልታ ተነፋ፣ ፎከሩ። ምንውየለት ከገሠሠ በቅሎ ኋላ ሲጎተት መጣ። ማንም አላሰረውም፤ የወገን ሰው ነው።

በቀጥታ ወደ አዛዡ ድንኳን ሄደ። ከደጃፉ ያገኘው ጸሐፊውን ነው።

«ነፊዎቹ አይነኩም ተብሎ ተምሎልኛል።»

«አንተ ማን ነህ?»

«ጭራ።»

ጸሐፊው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰለት። «ዝሆኑ ተይዟል። ሥራው አልቋል። ጭራ የሚባል ሰው ትናንት ተሰርዟል።»

«ጌታውን ላናግር።»

«የሌለ ሰው አያናግርም። ሂድ፣ ወንድሜ። ሳይሻልህ አይቀርም።»

ወደ ገሠሠ ተመለሰ፣ ለመነው። ሽማግሌውንና ሚስቱን ብቻ። ገሠሠ በቅሎ እየጫነ ነበር። የሙርሳል ናቸው አለ። የኔ ቢሆኑ እሰጥህ ነበር አለ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።

የሙርሳል ሰዎች ምርኮኞቹን ከጦሩ በታች ወንዝ ዳር አሳርፈዋቸው ነበር። ምንውየለት በቅል ውሃ ቀድቶ ገባ፤ ዘበኛው አልከለከለውም። ኻሚስ አንገቱ በባላ ውስጥ ሆኖ ተቀምጧል። ከባላው በወዲያ ጫፍ ጁምዓ ታስሯል። ብኸይታ ከሴቶቹ ጋር ናት፤ ፊቷን አዙራለች።

ኻሚስ ጠጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ ውስጥ ቂም የለም፤ አያውቅማ።

«አንተ አልያዙህም። አልሐምዱሊላህ።»

ምንውየለት ቅሉን ለጁምዓ አሻገረለት።

«ወንድምህን አላህ ይርሐመው» አለ ኻሚስ። ደግሞ ጠየቀ። «እንዴት ነበር? ቦታህን አሳምረን ያዘ?»

«አሳምራችሁ ያዛችሁልኝ፣ አባ ኻሚስ።»

«ጁምዓ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ቸኮለ።»

«አልቸኮልኩም» አለ ጁምዓ ከባላው ጫፍ።

«ቸኩለሃል። እኔ ሰማሁ።»

ዘበኛው መጥቶ አስነሣቸው። አንዱ ሲነሣ አንዱ መነሣት አለበት፤ እየተደጋገፉ ቆሙ። ምንውየለት ቅሉን ይዞ ሰልፉ ቁልቁለቱን ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አየ። እውነቱን ሊነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገራቸውም። ያቺን ማጽናኛ እንኳ ከሽማግሌው ላለመንጠቅ ነው ብሎ ለራሱ ነገረ። ግማሹ እውነት ነው።

* * *

በሁለተኛው ዓመት በቡለን ገበያ አንድ ማሲንቆ መቺ ታየ። ስሙን ለአንዱ እንዲህ፣ ለሌላው እንዲያ ይለዋል። ሰው ደስ ይለዋል፤ ዜማ አያጎድልም፣ አይሳሳትም።

አንድ ቅዳሜ ከተሰበሰበው ሰው መካከል በሬ የያዘ ገበሬ ቆመ። ምንውየለት ቀድሞ አየው። ሸብቷል። ታላቅ ወንድሙ ነው። ደህና ነው፤ ጤነኛ ነው።

ወንድሙ ወደ ፊት ተጠጋ። ፊቱን ትክ ብሎ አየው፤ ጢሙንና ጥምጥሙን አልፎ ሊያየው ሞከረ። ምንውየለት ሊነሣና አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ፈለገ። አልቻለም። ይህ ሰው ሞተ ተብሎ ነው አንድ ሰፈር ያለቀው። ወንድሜ ብሎ ቢያቅፈው፣ ከዚያ በኋላ የት ነበርክ ይለዋል።

ትዝታን ነበር የሚመታው። እዚያ ዜማ ውስጥ አንዲት ቦታ አለች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደርስባት ጭራውን ሳብ አድርጎ ይቆይባት ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃታል። ደረሰባት። ወንድሙ ጆሮውን ጣለ።

ምንውየለት አልቆየም። ድምፁን እንደ ድንጋይ ጥሎ አለፈ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ገበሬው ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታህን፣ ወንድም ዓለም። የጠፋብኝ ሰው መስለኸኝ ነበር።» በሬውን ጎተተ፣ ጥቂት ሄደና ዞር አለ። «እዚያች ላይ ይቆይ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

ከሰዎቹ አንዱ ሌላ ዘፈን አዘዘ። ምንውየለት ጭራውን ሙጫ ቀብቶ ጀመረ።